ለኮራል ሪፍ መሞት የሚጠየቀው ፖለቲከኛ የቱ ነው?

ጨው_ውሃ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ሰሞኑን ስለ ኮራል ሪፍ (ኮራሎች በባሕር ውስጥ ስለሚገነቡት ዓለት መሰል አካል) የወጡ የመንግሥት መግለጫዎችን ሳገላብጥ አንድ ነገር አናደደኝ። ሪፍ በተጎዳ ቁጥር አንድ ሚኒስትር ካሜራ ፊት ይቆማል። ከኋላው ሰማያዊ ባሕር ይታያል። «ለሪፉ ይህን ያህል ሚሊዮን መድበናል» ይላል። አልዋሸም፣ ገንዘቡ እውነተኛ ነው። ግን እዚያው ካቢኔ ውስጥ ሌላው ሚኒስትር የድንጋይ ከሰል ማውጫ ፈቃድ ይፈርማል። ሁለቱ ዜናዎች በተለያየ ገጽ ይወጣሉ፣ አንድ ላይ የሚያነባቸው ግን የለም።

እንግዲህ አቋሜን ላስቀምጥና ተከራከሩኝ። አንድ መንግሥት ሪፍን ጠበቀ ወይስ አልጠበቀም የሚባለው ለሪፉ በመደበው በጀት አይደለም። በፈረማቸው የነዳጅ ፈቃዶች ነው። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ። ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ አልጌ የሚባሉ ጥቃቅን ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ይኖራሉ፤ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘውም ከእነሱ ነው። ቀለሙም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ውሃው ከአካባቢው የሞቃት ወራት ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣል። ነጭ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ገና አልሞተም፣ እየተራበ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ካልበረደ ይሞታል።

አሁን ወደ 2016 እንሂድ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአውስትራሊያው ግሬት ባሪየር ሪፍ ክፉኛ የተመታው የቱ ክፍል ነበር? ሰሜኑ። ሰው የማይበዛበት፣ ከእርሻ ማዳበሪያ የራቀ፣ ውሃው ንጹሕ የሆነው ክፍል። በዚያ ዓመት ብቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ ካሉት የሪፉ ኮራሎች 30 በመቶ ገደማ ሞቱ። ከአውሮፕላንና ከውሃ ውስጥ ሆነው ጉዳቱን ያጠኑት ተመራማሪዎች የደረሱበት መደምደሚያ ግልጽ ነበር፦ ዓሣ ማጥመድ መከልከሉም ሆነ የውሃው ንጽሕና ኮራሎቹን ከዚያ ሙቀት አላዳናቸውም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በየካቲት 2017፣ በወቅቱ የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ስኮት ሞሪሰን ፓርላማ ውስጥ አንድ ቁራጭ የድንጋይ ከሰል ይዘው ገቡ። አትፍሩት አሉ። ሪፉ በተከታታይ ለሁለተኛ ዓመት የነጣውም በዚያው 2017 ነው። በ2018 ደግሞ መንግሥታቸው 443 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለአንድ አነስተኛ የሪፍ ፋውንዴሽን ያለ ጨረታ ሰጠ። ዋና ኦዲተሩ በ2019 አሠራሩን ተችቷል። እኔን ግን ከጨረታው ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነው፦ ያ ሁሉ ገንዘብ ውሃውን በነጥብ አንድ ዲግሪ እንኳ አያቀዘቅዝም።

በሉ፣ እየጠበቅኩ ነው።

ደረቅ_እውነት

ደህና ጽፈሃል፣ ግን የተመቸህን ብቻ መርጠህ።

በ2022 የአውስትራሊያ የባሕር ሳይንስ ተቋም ባወጣው ሪፖርት በሰሜኑና በመካከለኛው ክፍል የኮራል ሽፋን (ከሪፉ ወለል በሕይወት ያለ ኮራል የሸፈነው ድርሻ) ክትትሉ ከተጀመረ በኋላ ባሉት 36 ዓመታት ውስጥ ከፍተኛው ሆኖ ነበር። ያ 2016 ላይ «ሞተ» ያልከው ሰሜን ማለት ነው። ይህን ለምን ዘለልከው?

ሁለተኛ፣ አውስትራሊያ በግዛቷ ውስጥ የምትለቀው ካርቦን ከዓለም ልቀት 1 በመቶ አካባቢ ነው። ነገ ሙሉ በሙሉ ብትዘጋ እንኳ ባሕሩ አይሰማውም። ፖለቲከኛ የሚጠየቀው ሊለውጠው በሚችለው ነገር ነው። ሊለውጠው በማይችለው ጠይቀህ ስትሰቅለው ፍትሕ አይባልም።

ማዕበል

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ የባሕር ሥነ ሕይወት ነው የማስተምረው።

ደረቅ_እውነት ያልከው ቁጥር ትክክል ነው። ቶሎ የሚያድጉት ቅርንጫፋማና ጠረጴዛ መሰል ኮራሎች ሁለት ሦስት ረጋ ያሉ ዓመታት ካገኙ ሽፋኑን በፍጥነት ይመልሱታል። ግን እነዚህ ራሳቸው በሙቀት፣ በማዕበልና በእሾሃማው ኮራል በል የባሕር ኮከብ ቀድመው የሚጠፉት ናቸው። በዝግታ የሚያድጉት፣ መቶ ዓመት ያስቆጠሩት ትልልቅ ኮራሎች በስድስት ዓመት አይመለሱም።

ከዚያ ምን ሆነ? በ2024 ሌላ የጅምላ መንጣት መጣ። ያው ተቋም በ2025 ባወጣው ሪፖርት በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ሰሜኑ ከነበረው ሽፋን ሩብ ያህሉን፣ ደቡቡ ደግሞ ሲሶ ሊሞላ የቀረውን ያህል አጥቷል። አንተ የጠቀስከው ከፍታና ይህ ውድቀት የአንድ ታሪክ ሁለት ገጾች ናቸው። ሪፉ አሁን ወደ ላይም ወደ ታችም በኃይል የሚዋዥቅ ሆኗል። ጤነኛ ሥርዓት እንዲህ አይዋዥቅም።

የነጣባቸውን ዓመታት ደርድሩና ርቀታቸውን እዩ፦ 1998፣ 2002፣ 2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022፣ 2024፣ 2025። በሁለተኛውና በሦስተኛው ክስተት መካከል 14 ዓመት ነበር። አሁን ግን ትንፋሽ መውሰጃ ጊዜ የለም። አንድ ሪፍ በደንብ ለማገገም ቢያንስ አሥር ዓመት ገደማ ይፈልጋል።

ቀለል_አርጉት

እኔ መጠየቅ የምፈልገው ቀላል ነገር ነው። ሪፍ ቢጠፋ ለማይዋኝ ሰው ምን ይጎድልበታል? በቅንነት ነው የምጠይቀው፣ እንዳትጮሁብኝ።

ማዕበል

ማንም አይጮህብህም። ሪፎች ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን ከታወቁት የባሕር ዝርያዎች ሩብ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው በሆነ ወቅት ሪፍ ላይ ይጠለላሉ። ዓሣው ገበያ የሚደርሰው ከዚያ ነው። ደግሞም ሪፍ የማዕበልን ኃይል ይሰብራል፤ ጤነኛ ሪፍ ወደ ባሕር ዳርቻ ከሚመጣው የማዕበል ጉልበት በአማካይ 97 በመቶውን ያዳክማል። ያ ከጠፋ መንግሥት በኮንክሪት ሊተካው ነው። ሂሳቡን የሚከፍለው ዋናተኛው ብቻ አይደለም።

ጨው_ውሃ

ማዕበል፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ የ1 በመቶውን ጉዳይ ልያዝ።

አንደኛ፣ «የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው» ማለት ሁሉም ግብር ከፋይ የእኔ ብር ከበጀቱ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም ብሎ እንደመቅረት ነው። እያንዳንዳቸው ከዓለም ልቀት 2 በመቶ የማይሞሉት አገሮች ሲደመሩ ከጠቅላላው ሲሶውን ያልፋሉ። ሁሉም ይህን ሰበብ ይዞ ከወጣ ሲሶው ባለቤት አልባ ሊሆን ነው።

ሁለተኛውና ዋናው፣ ያ 1 በመቶ እውነቱን ይደብቃል። በተባበሩት መንግሥታት የሂሳብ አያያዝ ልቀት የሚመዘገበው ነዳጁ በተቃጠለበት አገር ላይ ነው። ከሰሉን ቆፍሮ በመርከብ የጫነው አገር መዝገብ ላይ የቁፋሮው ልቀት እንጂ የሚቃጠለው ከሰል አይታይም። አውስትራሊያ ደግሞ ከዓለም ትልልቅ የድንጋይ ከሰልና የተፈጥሮ ጋዝ ላኪዎች አንዷ ናት። ይህ የሂሳብ ደንብ ነው፤ ድርብ ቆጠራን ለማስቀረት የወጣ። ፖለቲከኞቹ ግን ከደሙ ንጹሕ ነኝ የሚል ወረቀት አስመሰሉት። ፈቃዱን የሚፈርመው እጅ የሚታወቅ ነው። ስም አለው። ቀን አለው።

እና አንድ ፓርቲ ላይ የተነሳሁ እንዳይመስላችሁ። በ2022 መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ የልቀት ቅነሳውን በሕግ ደነገገ፤ በ2030 ከ2005 መጠን 43 በመቶ። በየካቲት 2023 የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ታንያ ፕሊበርሴክ ከሪፉ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሊከፈት የነበረ የከሰል ማውጫ ከለከሉ። ጎሽ። ከዚያ በመስከረም 2024 ሦስት የከሰል ማውጫዎች እንዲራዘሙ ፈቀዱ። በ2025 ደግሞ በምዕራብ ጠረፍ የሚገኘው ግዙፍ የጋዝ ፕሮጀክት እስከ 2070 እንዲቀጥል ተፈቀደ። በዚያው ዓመት እዚያው ምዕራብ ያለው የኒንጋሉ ሪፍና በምሥራቅ ያለው ግሬት ባሪየር ሪፍ በአንድ ጊዜ ነጡ። ሁለቱም የዓለም ቅርስ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ማውጫ ለምን ተከለከለች ብትሉ፣ ቆሻሻ ውሃዋ ሪፉ ላይ እንዳይደርስ ነው። ጭሷ ግን ለክልከላው ምክንያት አልነበረም። ይሄ ነው ነገሩ ሁሉ።

ተስፋ_አለ

እኔ ኮራል መልሶ በማልማት ሥራ ላይ ነኝ። ጨው_ውሃ የምትለው ገብቶኛል፤ ግን አነጋገርህ ያስፈራኛል። «የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው» ስትል የበጀት ኃላፊው ምን ይሰማል መሰለህ? «እንግዲያው ለእነዚህ ሰዎች ገንዘብ አንስጥ» ነው የሚሰማው።

የአካባቢ ጥበቃ ሙቀትን አያቆምም፣ ልክ ነህ። ከሙቀቱ በኋላ ሪፉ እንዲነሳ ግን ያግዛል። ኮራል ሲሞት ቦታውን ትልልቅ አልጌ ይወርሰዋል። ያንን የሚግጡት ፓሮትፊሽን የመሳሰሉ ዓሦች ናቸው። በመካከለኛው አሜሪካ ያለችው ቤሊዝ በ2009 እነዚህን ዓሦች ማጥመድ ከለከለች። ይህ የፖለቲካ ውሳኔ ነው፤ ዓሣ አጥማጆችን የሚያስቀይም፣ ድምፅ የሚያስቀንስ ውሳኔ። ቀላል አታድርጉት።

የቤሊዝን ታሪክ ልጨምርላችሁ፤ ምክንያቱም በዚህ ርዕስ ላይ ከሰማኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ሪፋቸው በ2009 በአደጋ ላይ ባሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከምክንያቶቹ መካከል የማንግሮቭ (የባሕር ዳርቻ ዛፍ) መመንጠርና የባሕር ላይ ነዳጅ ፍለጋ ስጋት ነበሩ። በ2012 የአካባቢ ተሟጋቾች በራሳቸው ጥረት ሕዝበ ውሳኔ መሰል ድምፅ አሰጣጥ አዘጋጁ። ድምፅ ከሰጡት ሰዎች 96 በመቶው ነዳጅ ቁፋሮውን ተቃወሙ። ሕጋዊ ጉልበት አልነበረውም። ግን አልተረሳም። በ2017 መጨረሻ ፓርላማው በባሕር ክልሉ ውስጥ ነዳጅ ፍለጋን ላልተወሰነ ጊዜ አገደ። በ2018 ሪፉ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። በ2021 ደግሞ የውጭ ዕዳቸውን በቅናሽ መልሰው ገዝተው፣ በምላሹ 30 በመቶ የባሕር ክልላቸውን ለመጠበቅ ቃል ገቡ።

ትንሽ አገር ናት። ሀብታም አይደለችም። ነዳጅ ሊኖራት የሚችልበትን ባሕር ዘጋች።

ጨው_ውሃ

ተስፋ_አለ፣ ቤሊዝ እኮ የእኔ ምስክር ናት! ከመዝገቡ ያስወጣት ከምንም በላይ ፈቃድ አልሰጥም ማለቷ ነው። የምትሠራውን ሥራ ደግሞ አልናቅኩም። የምቃወመው መንግሥት ሥራህን እንደ መሸፈኛ ሲጠቀምበት ነው። አንተ ውሃ ውስጥ ገብተህ ኮራል ስትተክል ከላይ ያለው ሰው ፎቶህን ይዞ ምርጫ ይወዳደራል።

ነፋሻ

ቤሊዝ ሁሉንም አድርጋ ሙቀቱ በ2023 እና በ2024 ያንኑ የካሪቢያን ውሃ አላለፈውም። ፍትሕ የሚባለው ነገር የሚጎድለው እዚህ ጋ ነው። ራሷ የምትለቀው ካርቦን ከቁጥር አይገባም። ጥፋቱ ከሌላ ሰማይ ነው የሚመጣው።

ትንንሾቹ የደሴት አገሮች ይህን ከማንም በፊት ነው የተናገሩት። ከ2009ኙ የኮፐንሃገን የአየር ንብረት ጉባኤ ጀምሮ የምድር አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር ሲወተውቱ ነበር። ትልልቆቹ 2 ዲግሪ ይበቃል ይሉ ነበር። በ2015 ፓሪስ ላይ 1.5 እንደ ግብ እንዲገባ ያደረጉት እነሱ ናቸው። የግማሽ ዲግሪ ጭቅጭቅ ይመስላል አይደል? በ2018 የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ሳይንስ ፓነል ልዩነቱን አሰላው፦ በ1.5 ዲግሪ ከሞቃት ውሃ ኮራሎች ከ70 እስከ 90 በመቶ ይጠፋሉ፤ በ2 ዲግሪ ከ99 በመቶ በላይ። ያች ግማሽ ዲግሪ «ጥቂት ይተርፋል» እና «ምንም አይተርፍም» በሚሉት መካከል ያለችው ናት።

የጸሐይ መከላከያ ክሬም ክልከላን እንዳታነሱብኝ ደግሞ። ሃዋይ በ2018 ሕግ አወጣች፣ ፓላው በ2020 ተገበረች። አልቃወምም። ግን የትም አገር ያለ ፖለቲከኛ ይህን በደስታ ይፈርማል፤ ማንም ከባድ ሰው ስልክ አይደውልለትማ።

የሕግ_ነገር

ክሩ ደስ ብሎኛል። እስካሁን ስለ ሥነ ምግባር ነው ያወራችሁት። ሕጉ ምን ይላል የሚለውን ልጨምር፤ ከ2024 ወዲህ ብዙ ተቀይሯል።

በግንቦት 2024 ዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ ፍርድ ቤት የደሴት አገሮች ላቀረቡለት ጥያቄ መልስ ሰጠ። ሙቀት አማቂ ጋዞች በባሕር ሕግ ስምምነቱ መሠረት የባሕር ብክለት ናቸው አለ። ስለዚህ አባል አገሮች ብክለቱን ለመከላከል፣ ለመቀነስና ለመቆጣጠር አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ የመውሰድ ግዴታ አለባቸው። የሚጠበቅባቸው የጥንቃቄ ደረጃም ጥብቅ ነው። እስከዚያ ድረስ «የባሕር ብክለት» ሲባል ከመርከብ የፈሰሰ ዘይት ነበር የሚታሰበን። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጋዝ እዚያ ውስጥ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በሐምሌ 2025 ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት መጣ። ጉዳዩን መጀመሪያ ያነሱት በ2019 የደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪዎች ናቸው። የፓስፊክ ደሴት አገሯ ቫኑዋቱ ተቀበለቻቸው፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2023 ለፍርድ ቤቱ መራው። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የሰጡት አስተያየት ለጨው_ውሃ ክርክር በጣም የቀረበ ነው። አንድ መንግሥት የአየር ንብረቱን ከልቀት ለመጠበቅ ተገቢውን እርምጃ አለመውሰዱ በዓለም አቀፍ ሕግ የሚያስጠይቅ ጥፋት ሊሆን ይችላል ብለዋል። በምሳሌነት የጠቀሷቸውን ልብ በሉ፦ የቅሪተ አካል ነዳጅ ማምረት፣ መጠቀም፣ የፍለጋ ፈቃድ መስጠት፣ ድጎማ ማድረግ።

ፈቃድ መስጠት። በግልጽ ተጽፏል።

ቀለል_አርጉት

አስተያየት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም አይደል? ማን ሊያስፈጽመው ነው? አቦ፣ ይሄኔ ሚኒስትሩ አንብቦ እየሳቀ ይሆናል።

የሕግ_ነገር

አስገዳጅ አይደለም፣ ልክ ነህ። ግን አስተያየቱ የሚተረጉማቸው ስምምነቶች አስገዳጅ ናቸው። ከእንግዲህ በየአገሩ ፍርድ ቤት የሚቆም ጠበቃ ይህን ጠቅሶ ነው የሚከራከረው። በእርግጥ ክፍተት አለ። አሜሪካ የባሕር ሕግ ስምምነቱ አባል አይደለችም፤ በጥር 2025 ደግሞ ከፓሪስ ስምምነት ለመውጣት ወሰነች። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ከተለቀቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ገደማው የእሷ ነው። በየዓመቱ በሚለቀቀው ደግሞ ቻይና አንደኛ ናት። እነዚህ ሁለቱን ማንም ፍርድ ቤት ጎትቶ አያመጣቸውም።

ያም ሆኖ ተስፋችሁን በሙሉ ችሎት ላይ እንዳትጥሉ ሌላ ምሳሌ ልስጣችሁ። በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ የቶረስ ሰርጥ ደሴቶች አሉ፤ ሪፍና ባሕር የኑሯቸው መሠረት የሆነ ሕዝቦች የሚኖሩባቸው። ሁለት የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች መንግሥት ከአየር ንብረት ለውጥ የመጠበቅ ግዴታውን አልተወጣም ብለው ከሰሱ። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 2025 ወሰነ። ዳኛው ያለፈው መንግሥት የልቀት ግቦቹን ሲያወጣ ሳይንሱን በቅጡ አላገናዘበም አሉ። ጉዳቱንም አልካዱም። ግን ከሳሾቹ ተሸነፉ። ለምን? የልቀት ግብ ማውጣት የመንግሥት ዋና ፖሊሲ ስለሆነ በቸልተኝነት ሕግ አይዳኝም ተባለ። ሕጉ ካልተቀየረ ያላቸው መንገድ ቅስቀሳ፣ ተቃውሞና በመጨረሻም የምርጫ ካርድ ነው ተባሉ።

አያችሁት? ፍርድ ቤቱ ራሱ ኳሷን መልሶ ወደ ፖለቲካው ነው የመታት።

ነፋሻ

ሽማግሌዎቹን ለምርጫ መስመር ተሰለፉ ማለት እኮ ነው። ጥቂት ሺህ ሕዝብ ይዘው ማንን ያሸንፋሉ?

ደረቅ_እውነት

እሺ፣ እስካሁን በደንብ ተከራክራችኋል። አሁን የእኔን ጠንካራውን ጥያቄ መልሱ። አንድ አገር ከሰሉን ባይሸጥ ገዢው ከሌላ ይገዛል። ያው ከሰል ይቃጠላል፣ ያው ጋዝ ይወጣል፣ ያው ባሕር ይሞቃል። የተረፈው ሥራውን ያጣ ማዕድን ቆፋሪ ነው። ይህን ያላገናዘበ ኃላፊነት ለእኔ የፎቶ ፖለቲካ ተቃራኒ ሳይሆን ዘመዱ ነው።

ደግሞ በጥቅምት 2025 ወደ 160 የሚጠጉ ሳይንቲስቶች የተሳተፉበት ሪፖርት የሞቃት ውሃ ኮራሎች ካለፉት በኋላ መመለስ የሚከብድበትን ነጥብ እያለፉ ነው ብሏል። የዚያ ነጥብ ማዕከላዊ ግምት የ1.2 ዲግሪ የምድር ሙቀት ጭማሪ ነው፤ እሱን ደግሞ አልፈነዋል። ካለፈ ምን ልትጠብቁ ነው?

ማዕበል

የሁለተኛውን ልመልስ። ሪፖርቱ ያለው ሙቀቱ እዚህ ከቀጠለ ሪፎች በሰፊው፣ ዛሬ በምናውቃቸው መልክ አይቆዩም ነው። የመጨረሻው ኮራል ሞቷል አላለም። በ2023 በጀመረው አራተኛው ዓለም አቀፍ የመንጣት ክስተት ከዓለም የሪፍ ስፋት 84 በመቶው ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት ደርሶበታል። አስደንጋጭ ነው። ግን ሁሉም እኩል አልሞተም። በሰሜናዊ ቀይ ባሕርና በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ያሉት ኮራሎች ለምሳሌ ከሌሎቹ በጣም የበለጠ ሙቀት ይችላሉ። እነዚህ ሊተርፉ ከሚችሉት ናቸው። በአካባቢው ያሉ መንግሥታት በሌላ ነገር ሁሉ ቢጣሉም እነሱን ከዘይት መፍሰስና ከፍሳሽ መጠበቅ ይችላሉ። የሚያስኬድ መሆኑን አይተናል፦ በየመን ጠረፍ እየበሰበሰች የነበረችው «ሴፈር» የተባለች መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ነበር። በጦርነት መካከል፣ በተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪነት፣ በነሐሴ 2023 ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገለበጠ።

እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ዲግሪ የተወሰኑ ሪፎችን ታተርፋለች ወይ ትወስዳለች። «አልፏል፣ ተዉት» የሚለው ንግግር ለሳይንቲስት አይጠቅምም። የሚጠቅመው ፈቃድ ለሚፈርመው ሰው ነው።

የሕግ_ነገር

የመጀመሪያውን ለእኔ ተዉልኝ። «እኛ ባንሸጥ ሌላ ይሸጣል» የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም፤ የማዕድን ኩባንያዎች ለዓመታት ችሎት ፊት ያቀረቡት ነው። በየካቲት 2019 የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ የመሬትና የአካባቢ ፍርድ ቤት ሮኪ ሂል የተባለውን የከሰል ማውጫ ጉዳይ ሲያይ ዳኛ ብራያን ፕሬስተን ይህን አልተቀበሉትም። የሌላው አገር ማውጫ በእርግጥ እንደሚከፈትና ይህንን እንደሚተካ ኩባንያው አላረጋገጠም አሉ። ማውጫው ከተከለከለባቸው ምክንያቶች አንዱ የሚያስከትለው ልቀት ነበር፤ ባሕር ማዶ ሲቃጠል የሚወጣው ጭምር።

የገበያውም ነገር አንተ እንዳልከው ቀጥ ያለ አይደለም። ትልቅ ላኪ አቅርቦቱን ሲቀንስ ዋጋ ይጨምራል። ዋጋ ሲጨምር የተወሰነው ገዢ ወደ ጸሐይና ነፋስ ያመዝናል። ሙሉ በሙሉ ነው አልልም። ግን ምንም አይቀንስም ማለትም ማስረጃ ይፈልጋል። ስለ ቆፋሪው ሥራ ያነሳኸው ተገቢ ነው፤ እሱን ሳያዘጋጅ የሚዘጋ መንግሥትም ኃላፊነቱን አልተወጣም።

ደረቅ_እውነት

ሮኪ ሂል የአንድ ክፍለ ግዛት ችሎት ነው። የፌዴራሉስ?

የሕግ_ነገር

የፌዴራሉ በተቃራኒው ሄደ። አንድ የአካባቢ ተሟጋቾች ቡድን ሁለት የከሰል ማውጫዎችን አስመልክቶ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯን ከሰሰ። ማውጫዎቹ በግሬት ባሪየር ሪፍና በሌሎች ቅርሶች ላይ በሙቀት በኩል የሚያደርሱትን ጉዳት ልታይ ይገባ ነበር የሚል ነው ክሱ። በጥቅምት 2023 ተሸነፈ፤ በግንቦት 2024 ይግባኙም ውድቅ ሆነ። በወቅቱ በነበረው የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ሚኒስትሯ ያንን ጉዳት ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ መወሰን ይችላሉ ነው የተባለው። ሕጉ የወጣው በ1999 ነው።

ቀለል_አርጉት

ቆይ ቆይ። ሪፉን ለመጠበቅ የወጣው ሕግ ሪፉን የሚገድለውን ነገር ማየት ግዴታ አይደለም ይላል? ሼም ነው።

የሕግ_ነገር

በግምት እንደዚያ ነው። ሕጉን ማሻሻል የፓርላማ ሥልጣን ነው፤ ዳኞቹ የተጻፈውን ነው የሚያነቡት።

ነፋሻ

እኔ ደግሞ የ2021ን ትዝታ ልጨምርና ልሂድ። ዩኔስኮ ግሬት ባሪየር ሪፍ በአደጋ መዝገብ ይግባ የሚል ረቂቅ አቀረበ። የወቅቱ የአካባቢ ሚኒስትር ሱዛን ሌይ ወደ አውሮፓ በርረው አገር ለአገር ዞረው ቀሰቀሱ። አምባሳደሮችንም ሪፉ ላይ ወስደው አሳዩ። ውሳኔው እንዲዘገይ ተደረገ። በ2022 የዩኔስኮ ልዑክ ሄዶ ዓይቶ ያንኑ መከረ። እስከ 2025 ድረስ መዝገቡ ውስጥ አልገባም። መዝገቡ እኮ ቅጣት የለውም፤ ስም ብቻ ነው። ለስም ያን ያህል የሮጠ መንግሥት ለልቀቱ ግማሹን ቢሮጥ ኖሮ ምን ይደርስ እንደነበር እያሰብኩ ነው።

ተስፋ_አለ

ቤሊዝ መዝገቡ ውስጥ መግባቷ ነው የቀሰቀሳት። አውስትራሊያ ላለመግባት ለፋች። ልዩነቱን እዩት።

ቀለል_አርጉት

እሺ፣ አንድ ተግባራዊ ነገር ንገሩኝ። ምርጫ ሲመጣ ሁሉም «ባሕራችንን እንጠብቃለን» ነው የሚለው። ምኑን ልጠይቀው?

ጨው_ውሃ

በጀቱን አትጠይቀው፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። በሚቀጥለው የሥራ ዘመን አዲስ የከሰል፣ የነዳጅ ወይም የጋዝ ፈቃድ ትሰጣለህ ወይ በለው። መልሱ «እንደ ሁኔታው» ከሆነ፣ የትኛው ሁኔታ ሲሆን ትከለክላለህ በለው። ቀጥሎ ድጎማውን አንሳበት፤ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በ2022 የዓለም መንግሥታት ለቅሪተ አካል ነዳጅ የሰጡትን ቀጥተኛ ድጎማ ብቻ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል፣ የእኛ ስንት ነው በለው። ሕጉስ? የአካባቢ ጥበቃ ሕጉ ፈቃድ ሰጪው ልቀትን እንዲያይ ያስገድደዋል ወይ፣ ካላስገደደው ማሻሻያ ታቀርባለህ ወይ በለው።

ስለ ሪፍ ራሱ አንድም ጥያቄ አልሰጠሁህም፣ አየህ? አያስፈልግም። እሱን ሳትጠይቀው ያወራልሃል።

ደረቅ_እውነት

ለቆፋሪዎቹ ምን አዘጋጅተሃል የሚለውን ጨምሩበት እንጂ ዝርዝሩን እቀበላለሁ። ገበያው ላይ ግን ገና አልተስማማንም። ሌላ ክር ክፈቱ፣ እመጣለሁ።

ጨው_ውሃ

ተጨምሯል። የገበያውን ክር ነገ እከፍታለሁ፤ የሕግ_ነገር የሮኪ ሂልን ውሳኔ አጠር አድርጎ ይጻፍልን።